የጡረታ ብር ሲያረጅ፦ ለወታደር ጡረተኛና ለጦር ጉዳተኛ የኑሮ ውድነት ማስተካከያ እንዴት ይሠራል?

እንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በገበያ ቀን የማረቆ በርበሬ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይደረደራል። እዚህ ገበያ ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ ሃምሳ አለቃ በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። ሃያ አምስት ዓመት በውትድርና ያገለገሉ፣ በ1990 ዓ.ም. የጀመረውን የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ያዩ፣ ብርድ ሲመጣ ጉልበታቸውን የሚይዛቸው ሰው ናቸው። ከባንክ ያወጡት የወሩ ጡረታ በሸሚዛቸው ኪስ አለ። በርበሬ ሻጯን ዋጋ ጠይቀው ጥቂት ዝም ይላሉ፤ አንድ ኪሎ ሊሉ የመጡትን ግማሽ ኪሎ ብለው ያስመዝናሉ። በኪሳቸው ያለው ብር ያው ያምናው ነው። የቀነሰው ሚዛኑ ላይ የሚወጣው በርበሬ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ግማሽ ኪሎ ነው። የወታደር ጡረታ እንዴት እንደሚሰላ፣ የጦር ጉዳተኛ ምን እንደሚያገኝ፣ ዋጋ ሲንር አበሉ ለምን አብሮ እንደማይነሣና ማስተካከያ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በቀላሉ ለማስረዳት እንሞክራለን።

የጡረታው መነሻ ስሌት

ጡረታ የሚለው ቃል ከ“ጦረ” የመጣ ነው። ልጅ ወላጁን ይጦራል፤ ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሰው ያሳዝናል። መንግሥት በሕግ የጧሪነትን ቦታ የያዘው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌና በ1955 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ቁጥር 209 ነው። ዛሬ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የመከላከያና የፖሊስ ጡረታ የሚመራው በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1267 ሲሆን አስፈጻሚው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው።

ወታደሩ በሥራ ላይ ሳለ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ መንግሥት ደግሞ በስሙ 25 በመቶ ይከፍላል። ለሲቪል ሠራተኛ የመንግሥት ድርሻ 11 በመቶ ነው። ልዩነቱ ምክንያት አለው። ወታደር ከሲቪሉ ቀድሞ በጡረታ ይሰናበታል፤ የመቁሰልና የመሞት አደጋውም የከፋ ነው።

አበሉ የሚሰላው ከጡረታ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። 10 ዓመት ላገለገለ 30 በመቶ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25 በመቶ፣ ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ሒሳቡ እንዲቀልል የሃምሳ አለቃው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 3,000 ብር ነበር እንበል። የመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ ነው። ቀሪው 15 ዓመት በ1.65 ሲባዛ 24.75 በመቶ ይሆናል። ድምሩ 54.75 በመቶ፣ ማለትም በወር 1,642 ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሚሰላው መደበኛ ደመወዝ ብቻ ነው። ወታደር በሠራዊቱ ውስጥ ሳለ ራሽን ይበላል፣ የደንብ ልብስ ይለብሳል፣ ሲታመም በሠራዊቱ ሐኪም ቤት ይታከማል። የተሰናበተ ዕለት የእነዚህ ሁሉ ወጪ ወደ ራሱ ኪስ ይዞራል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የቀረው ከግማሽ በላይ ደመወዝ ቢመስልም፣ በኑሮ ሲለካ የቀረው ከዚያ ያነሰ ነው።

ብሩ ሳይነካ እንዴት ይቀንሳል?

የኑሮ ውድነት ማስተካከያ ማለት ዋጋ በጨመረ መጠን አበሉንም ከፍ ማድረግ ነው። ማስተካከያ የደመወዝ ዕድገት ወይም ጉርሻ አይደለም። ጡረተኛው ትናንት ይገዛ የነበረውን ዛሬም እንዲገዛ ማድረግ ብቻ ነው።

ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር የሃምሳ አለቃው 1,642 ብር ከ50 ሳንቲም የገዛውን ያንኑ አስቤዛ ለመግዛት ከአንድ ዓመት በኋላ 1,971 ብር ያስፈልጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ 2,365 ብር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 4,087 ብር ይጠይቃል። አበሉ ካልተነካ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ የሚገዛው በመጀመሪያው ቀን 660 ብር ይገዛ የነበረውን ነው። ማንም ከኪሳቸው አልወሰደም፤ ሆኖም ከአሥሩ እጅ ስድስቱ ሄዷል።

20 በመቶ የተጋነነ ቁጥር አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ የሆነባቸው ብዙ ወራት ነበሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት፣ ዘይትና ነዳጅ የሚገዛ ሁሉ ይህን በቤቱ አይቶታል።

“የዋጋ ንረቱ ቀንሷል” የሚለው ዜናም በትክክል መሰማት አለበት። ንረቱ ከ30 ወደ 14 በመቶ ወረደ ማለት ዋጋው ወደ ድሮው ተመለሰ ማለት አይደለም። ዋጋው አሁንም እየወጣ ነው፤ የሚወጣው ግን ከቀድሞው በዝግታ ነው። ጡረተኛው ያጣው የመግዛት አቅም በዚህ ዜና አይመለስለትም።

በሥራ ላይ ያለውና የተሰናበተው

መንግሥት ደመወዝ ሲያሻሽል ይታያል። በ2017 ዓ.ም. የሲቪል ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ሆነ፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ገባ። ይህ በሥራ ላይ ላለው ነው። የጡረተኛው አበል የተሰላው ግን በቀድሞ ደመወዙ ነውና፣ ደመወዝ ስለተሻሻለ ብቻ ከፍ አይልም። ራሱን የቻለ የማስተካከያ ውሳኔ ይፈልጋል፤ ውሳኔው የሚመጣውም ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው።

ከዚህ የሚወለደው ቅሬታ በጡረተኞች ዘንድ የታወቀ ነው። በአንድ ማዕረግ፣ በአንድ ጦር ግንባር፣ እኩል ዓመት ያገለገሉ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ የደመወዝ ማሻሻያው ከመድረሱ በፊት፣ ሌላው ማሻሻያው ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ተሰናበቱ። የሁለተኛው አማካይ ደመወዝ በአዲሱ እርከን ስለተሰላ አበሉ ከመጀመሪያው ሰው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ገበያ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የተሰናበቱበት ቀን እንጂ የሰጡት አገልግሎት አይደለም።

የማስተካከያው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ለሁሉም 20 በመቶ ቢጨመር 1,500 ብር የሚያገኘው 300 ብር፣ 8,000 የሚያገኘው 1,600 ብር ይጨመርለታል። ለሁሉም እኩል 500 ብር ቢጨመር ግን ለመጀመሪያው የአበሉ ሲሶ ነው፤ ለሁለተኛው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በመቶኛ መጨመር የአገልግሎትን ልዩነት ይጠብቃል፤ እኩል ብር መጨመር ዝቅተኛውን ያነሣል። አንድ ማስተካከያ ሲታወጅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ነው።

የጦር ጉዳተኛው

በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከእንግዲህ መሥራት የማይችል ሰው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ወር ያገኝ ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ የጉዳት ጡረታ አበል ይከፈለዋል። በአገልግሎት ዘመኑ የሚያገኘው አበል ከዚህ ከበለጠ የሚበልጠው ይታሰብለታል።

ጉዳት ደርሶበት የመሥራት ችሎታውን በከፊል ብቻ ላጣ ሰው የሚከፈለው ዳረጎት ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃል። ከአሁኑ አዋጅ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 714/2003 በተቀመጠው ስሌት፣ ከጉዳቱ በፊት የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ በ60 ወር፣ ከዚያም በጉዳቱ መጠን ይባዛል። ደመወዙ 3,000 ብር፣ የጉዳቱ መጠን 30 በመቶ ከሆነ 1,410 ብር በ60 ሲባዛ 84,600 ብር ይሆናል፤ የዚህ 30 በመቶ 25,380 ብር ነው።

ወርኃዊ አበል ቢዘገይም አንድ ቀን ሊስተካከል ይችላል። ዳረጎት ግን ከተከፈለ በኋላ የሚስተካከልበት መንገድ የለም። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ጉዳቱ ከሰውየው ጋር ይቀራል። ሰው ሠራሽ እግር ያረጃል፣ ክራንች ይሰበራል፣ ፍንጣሪ የገባበት ጉልበት በሃምሳ ዓመት ዕድሜ ከሠላሳው ይልቅ ያምማል። ጉዳቱ ከዕድሜ ጋር ሲብስ ክፍያው የቆመበት ቦታ ላይ ይቀራል።

በ1983 ዓ.ም. የሆነውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው የደርግ ሠራዊት ሲበተን የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን በሰኔ ወር ተቋቋመ። ወደ ገጠር ለተመለሱት ቀለብ፣ ዘር፣ የእርሻ መሣሪያና ለአንዳንዱም በሬ ተሰጠ። በጊዜው የብዙውን ነፍስ ያቆየ ሥራ ነው። ሆኖም መቋቋሚያ የአንድ ወቅት እርዳታ ነው፤ የዕድሜ ልክ ጡረታን አይተካም።

ጡረተኛው ሲሞት ደግሞ ነገሩ ወደ ቤተሰቡ ይሻገራል። የትዳር ጓደኛ የሟቹን አበል 50 በመቶ፣ ልጅ 20 በመቶ ያገኛሉ። የሃምሳ አለቃው ባለቤት ድርሻ 821 ብር ከ25 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። ለሟቹ ሳይደረግ የቀረ ማስተካከያ ከባለቤቱም አበል ላይ ይጎድላል።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርጋል?

በአሜሪካ የወታደር ጡረታና የማኅበራዊ ዋስትና አበል በየዓመቱ በሕግ በተጻፈ ቀመር ይስተካከላል። የዘንድሮው የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ወራት አማካይ የዋጋ መለኪያ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ በመቶኛ ይጨመራል። በፈረንጆቹ 2023 ጭማሪው 8.7 በመቶ ነበር፤ ዋጋ ሲረጋጋ በ2025 ወደ 2.5 በመቶ ወረደ። ዋጋ ቢቀንስም አበሉ አይቀነስም። የጦር ጉዳተኞች ካሣ ግን የአገሪቱ ምክር ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው ሕግ ያንኑ መቶኛ ይከተላል።

አሜሪካ ሀብታም አገር ናት፤ የእኛ ፈንድ ያን ያህል አይሸከምም የሚል መልስ ይሰማል። አቅም እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት የአካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲደግፍ ሲያዝ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ነው። የጡረታ ፈንዱ ገንዘብም ለረጅም ዘመን በዝቅተኛ ወለድ በመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ተቀምጦ ዋጋ ንረት ሲበላው ኖሯል። ዛሬ ለማስተካከያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ያነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፈንዱ የጡረተኛው ቁጠባ ስለሆነ፣ ከዋጋ ንረት በታች የሚያተርፍበት ቦታ ማስቀመጥ ባለቤቱን ማክሰር ነው።

ከሌሎች የምንማረው መጠኑን ሳይሆን ሥርዓቱን ነው። ማስተካከያው መቼ እንደሚታይና በምን መለኪያ እንደሚሰላ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ትንሽም ቢሆን ሰው ኑሮውን ያቅድበታል። መለኪያው ደግሞ አለን፤ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ያወጣል።

ለባለመብቱ፦ ዛሬ ሊደረግ የሚችል

የሚስተካከለው በትክክል የተመዘገበ አበል ነው። ስለዚህ ጡረታዎ የተሰላበትን የአገልግሎት ዘመንና አማካይ ደመወዝ የሚያሳየውን የውሳኔ ደብዳቤ ፈልገው ቅጂውን ይያዙ። ከላይ ባለው ስሌት ራስዎ ያስሉት፤ ሒሳብ የተማረ ልጅ በጎረቤት ካለ ያግዝዎት። የጉዳት ማስረጃ ከሆነ የሕክምና ቦርዱን ውሳኔ በጥንቃቄ ያኑሩ። የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃ በሕይወት እያሉ ይሟላ፤ ሰው ከሞተ በኋላ መሯሯጡ የሚወድቀው በሐዘን ላይ ባለ ቤተሰብ ጫንቃ ነው።

በውሳኔው ካልተስማሙ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ማቅረብ መብት ነው። ይግባኝም ያልተከፈለ አበል መጠየቅም የጊዜ ገደብ ስላላቸው አይዘግዩ። “አስጨርሳለሁ” ለሚል ደላላ ብር አይክፈሉ።

ለሚወስኑት ደግሞ አንድ ቃል አለን። ወታደሩ ወደ ግንባር የሄደው አቅም ከፈቀደ ብሎ አይደለም። ቃሉን በሰጠበት ቀን ፈጽሟል። የተገባለትም ቃል በየዓመቱ በሚታወቅ ቀንና በሚታወቅ መለኪያ ይጠበቅለት፤ በእንሴኖ ገበያ ሃምሳ አለቃው የፈለጉትን አንድ ኪሎ በርበሬ አስመዝነው ወደ ቤታቸው ይግቡ።