ዓይን የሌለው ዘብ

በቦረናና በሞያሌ ፀሐይ የቆመ ዘብ ግለቱን በቆዳው ያውቃል። መሣሪያስ በምን ያውቀዋል?

በ2015 ዓ.ም. ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ ኤሌክትሪክ ማድረስ በጀመረው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ዓይነት ሥራ፣ የትራንስፎርመር ዘይት ከልክ በላይ እንዳይግል የሚጠብቀው የሙቀት መመርመሪያ ነው። የተለመደው የፕላቲኒየም ሽቦ በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ተቃውሞ ያሳያል። ሌላው መመርመሪያ ደግሞ የቀረበውን ብረት ሳይነካ በመግነጢስ ኃይል ይለያል።

ሽቦው ቢበጠስ ጉዳቱ ወዲያው ይታወቃል። ጫፎቹ ቢነካኩ ግን የጋለውን ቀዝቃዛ ያስመስላል፤ ይህ የሚዋሽ ዘብ ነው።

ስለሆነም ባለሙያው በሚቀልጥ በረዶ ይፈትነዋል። በሞያሌ ከፍታ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ የፈላ ውኃ ለዚህ አያስተማምንም። ዘብን ማቆም ብቻ አይበቃም፤ ንቃቱን መፈተሽም ግዴታችን ነው እንላለን።