ለአንድ ትምህርት ቤት ስንት ብር ይበቃል? ከመስጠት በፊት ስለ መቁጠር

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ የመስከረም ምዝገባ ሲቃረብ፣ በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ቀበሌዎች ለሚገኙ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ዴስክ ጎድሏል፣ ደብሩ የሚቻለውን ያህል ይርዳን የሚል ነው። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ በካዝና ያለውን ያያል፤ ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት የሚያስፈልገውን ካስቀረ በኋላ ከተረፈው ላይ ይሰጣል። ስጦታው መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል፤ በዚህ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች በእርግጥ እንዲማሩ ስንት ያስፈልጋል?

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባው በምሳሌ አስተምሯል። ይህ ትምህርት ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ሲያስተምሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ሲማሩ፣ ገዳሙ የመጻሕፍቱን ዝርዝር በወንጌሉ ላይ ጽፎ ይይዝ ነበር። አባቶች ያላቸውን ቈጥረው ያውቁ ነበር፤ የጎደለውም የሚታወቀው ያለው ሲቈጠር ነው።

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ይገባል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ጥቅል ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር ይከፋፈላል። ክልሉም በበኩሉ ለወረዳዎች ያካፍላል። ወረዳው ከደረሰው ላይ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለሌሎች ዘርፎች ይመድባል። ለትምህርት ከተመደበው ውስጥ እጅግ የሚበዛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል፤ ለጠመኔ፣ ለጥገናና ለማስተማሪያ መሣሪያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን ክፍተት ለማጥበብ በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር አማካይነት፣ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤቱ የሚደርስ ድጎማ፣ በተለምዶ ስኩል ግራንት የሚባለው፣ ሥራ ላይ ውሏል።

ይህ አሠራር የሚነሣው ካለው ገንዘብ ነው፤ ያለውን በተማሪው ቁጥር ያካፍላል። የሚያስፈልገውን ማወቅ ግን ሌላ ስሌት ነው። የሚጀምረው ከልጁ ነው፤ ልጁ ምን ማወቅና ምን ማድረግ መቻል አለበት ብሎ ይነሣና ወደ ዋጋው ይወርዳል።

በዓለም ላይ ይህ ጥያቄ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የግዛቲቱ የትምህርት ቤቶች ሥርዓት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ከመፍረዱም በላይ፣ አንድ ተማሪ ሊኖሩት የሚገቡ ሰባት ችሎታዎችን ዘረዘረ። ከዚያ ወዲህ በየግዛቱ ለበቂ ትምህርት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልግ የማስላቱ ሥራ ተስፋፋ። ከሚሠራባቸው መንገዶች ሦስቱን እንጥቀስ። አንደኛው፣ ልምድ ያላቸውን መምህራንና ርእሳነ መምህራን ሰብስቦ ለእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ምን ያስፈልጋል ብሎ መጠየቅና የተናገሩትን በዋጋ መተመን ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪዎቻቸው መልካም ውጤት የሚያመጡ ትምህርት ቤቶችን ፈልጎ ምን ያህል እንደሚያወጡ ማየት ነው። ሦስተኛው የብዙ ትምህርት ቤቶችን ወጪና ውጤት በስታቲስቲክስ ማነጻጸር ነው። ሦስተኛው የባለሙያዎች ሥራ ቢሆንም፣ ሁለቱን የፊተኞቹን ማንኛውም ሰበካ ጉባኤ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተቀምጦ ሊሠራባቸው ይችላል።

በተማሪ ቁጥር ብቻ የሚሠራ ስሌት ስለ ምን እንደማይበቃ አንድ ምሳሌ ያስረዳናል። በሀገራችን ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። በከተማ 600 ተማሪዎች ያሉትን ትምህርት ቤት እናስብ፤ በመለኪያው 12 ክፍሎች ይሆናሉ፣ መምህራኑም በዚያው ልክ ይመደባሉ። በአምባሰል ደጋ ላይ 150 ተማሪዎች ያሉት፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት እናስብ። በመለኪያው የሚደርሰው 3 መምህር ብቻ ነው። ክፍሎቹ ግን ስምንት ናቸው፤ በእያንዳንዱ 19 ያህል ልጆች ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ተማሪ 100 ብር ቢሰጥ የከተማው 60,000 ብር፣ የደጋው 15,000 ብር ያገኛል። የአንድ ክፍል ጣሪያ ማደሻ 20,000 ብር ቢሆን፣ የከተማው አድሶ 40,000 ይተርፈዋል፤ የደጋው የዓመቱን ሁሉ አውጥቶም አይበቃውም። ቁጥሮቹን ለማስረጃ የወሰድናቸው ናቸው፤ ነገሩ ግን በየመስኩ የምናየው ነው። እኩል ማካፈል ሁልጊዜ ማስተካከል አይደለም።

ከመልክዐ ምድሩ ሌላ የልጆቹ ሁኔታም ወጪውን ይለውጣል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሐይቅንና ውጫሌን ጨምሮ የደቡብ ወሎን ከተሞች ሲያዳርስ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዴስካቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና መዝገባቸውን አጥተዋል። ከዚያም በኋላ በክልላችን የጸጥታ ችግር ስንት ልጆችን ከትምህርት ገበታ እንዳራቀ አንባብያን ታውቃላችሁ። አንድ ዓመት የጠፋበትን ልጅ ካልጠፋበት እኩል ለማድረስ ተጨማሪ የመምህር ሰዓትና ተጨማሪ መጽሐፍ ያስፈልጋል። የጎደለበት ልጅ የበለጠ ያስወጣል፤ በጀቱ ግን በአንድ ቁጥር ይቈጥረዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ገንዘብ ብቻውን ያስተምራል ማለታችን አይደለም። ጥብቅ ቁጥጥር የተደረገበት የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። በዚያ ፈተና ከወደቁት ብዙዎቹ ሕንፃ ባለው ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። የትምህርት ሚኒስቴር ኢንስፔክሽንም ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ሲመድብ ግብዓትን ብቻ ሳይሆን ሂደትንና ውጤትንም የሚመዝነው ስለዚህ ነው።

እኛም በመስክ የምንሠራ አገልጋዮች ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ዴስክ አስረክበን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ሥራው ተጠናቀቀ ብለን ሪፖርት ጻፍን። በሌላ ጊዜ ስንመለስ ልጆቹ በአዲሱ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ነገር ግን አንዱን መጽሐፍ ለአምስት ይካፈሉ ነበር፤ ከመካከላቸውም በሦስተኛ ክፍል ሆነው አንዲት አረፍተ ነገር ማንበብ የተሳናቸው ነበሩ። ዴስኩን ቈጥረን ነበር፤ ንባቡን አልቈጠርንም። ርእሰ መምህሩን ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ከዴስኩ እኩሌታ መጽሐፍ ይሁንልን ባሉን ነበር።

እንግዲህ ሰበካ ጉባኤያትና የልማት ኮሚቴዎች ከመስጠት በፊት ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ ከርእሰ መምህሩ፣ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትና ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠው አንድ ግብ ይምረጡ። ለምሳሌ፣ በዚህ ዓመት የሦስተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ አንድ ገጽ አንብበው እንዲናገሩ ማድረግ።

ሁለተኛ፣ ለዚያ ግብ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዘርዝሩ፤ የመጽሐፉን ብዛት፣ የመምህሩን ተጨማሪ ሰዓት፣ ውኃውን፣ የልጃገረዶችን መጸዳጃ፣ ለተራበ ልጅ የሚሆነውን ቁርስ ጭምር።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን በአካባቢው ገበያ ዋጋ ይተምኑ። በዚያው ሐይቅ ወይም ውጫሌ ገበያ የሚገኘውንና ከደሴ የሚመጣውን ለይተው የትራንስፖርቱን ይጨምሩ።

አራተኛ፣ ከወረዳው በጀትና ከስኩል ግራንት የሚሸፈነውን ይቀንሱ። የቀረው ልዩነት እውነተኛው ጉድለት ነው። ደብሩ ከዚያ የሚችለውን ይያዝ፤ የማይችለውን ጽፎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያቅርብ። በቁጥር የቀረበ ጥያቄ እንዲሁ ከሚቀርብ ልመና የበለጠ ይሰማል።

አምስተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ ብሩ የት ገባ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ልጅ አነበበ ብለው ይጠይቁ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁሉም መሆኑንም አንዘንጋ። በወሎ በአንድ ዴስክ ላይ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስለዚህ ቈጠራው በአጥቢያው ብቻ ከሚሠራ ከመስጊዱ ኮሚቴና ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ቢሠራ ይሻላል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም ኅብረተሰቡን ለዚሁ የጠራ ነው፤ ጥሪው ፍሬ የሚያፈራው ግን ስጦታው ከጉድለቱ ጋር ሲገናኝ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ለአንድ ትምህርት ቤት ስንት ብር ይበቃል? ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ለዚህ ትምህርት ቤት፣ ለእነዚህ ልጆች፣ ለዚህ ግብ የሚሆን ቁጥር ግን አለ፤ ይገኛልም። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ከርእሰ መምህሩ ጋር ግማሽ ቀን መቀመጥ ነው። በመጪው ክረምት ደብዳቤው ሲመጣ፣ ካዝናውን ከመክፈታችን በፊት ይህን ግማሽ ቀን እንስጥ። ምእመናን ከድህነታቸው ያዋጡት ገንዘብ አደራ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።