«ኤክሴል ያወጣው ነው»

በየመሥሪያ ቤቱ ክርክር የምትዘጋ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች፦ «ኤክሴል ያወጣው ነው»። የትርፍ ሰዓት ክፍያው የጎደለበት ሠራተኛ ሲጠይቅ፣ የንብረት ቆጠራው ከመጋዘኑ ጋር አልገጥም ሲል፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ከወርኃዊዎቹ ድምር ጋር ሲጣላ፣ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ከጀርባዋ ያለው እምነት ሰው ይሳሳታል፣ ኮምፒውተር ግን አይሳሳትም የሚል ነው። ጉዳት የሌለው የዋህነት ቢሆን ኖሮ ዝም ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ስህተቱን ለማግኘት ከሁሉ የተሻለ ዕድል ያለውን ሰው አፍ ያስይዛል። ገንዘቡ የጎደለበት ሰው ጉድለቱን ያውቀዋል፤ ማስረጃ አምጣ የሚባለውም እሱ ነው። ሠንጠረዡን ከፍቶ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» የሚል ግን የለም።

እውነት ለመናገር እምነቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በመደመርና በማባዛት ኤክሴልን የሚረታ የሒሳብ ሠራተኛ የለም። በካልኩሌተር ዘመን አንድ ረጅም ዓምድ ሁለት ጊዜ ተደምሮ ሁለት የተለያየ ውጤት ሲመጣ፣ የትኛው ልክ እንደሆነ ለማወቅ ለሦስተኛ ጊዜ መደመር ግድ ነበር። ያንን ያየ ሰው ሺህ ረድፍ በቅጽበት የሚደምር ፕሮግራም ቢያምን አይፈረድበትም። ስለዚህ ክርክሩ ኤክሴል መደመር ይችላል ወይ የሚል ሳይሆን፣ ምኑን ደመረ የሚል ነው። ወደ ስሌቱ ከመግባቱ በፊት የተጻፈለት ነገር ቁጥር ይሁን፣ ቀን ይሁን፣ ተራ ጽሑፍ ይሁን በራሱ ይገምታል። ግምቱን አያስታውቅም፣ ፈቃድም አይጠይቅም። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚች ላይ ነው።

በቅርብ እንየው። በአንድ የወጪ ዓምድ ውስጥ አሥር ክፍያዎች አሉ እንበል። ዘጠኙ በቁጥር ብቻ ተጽፈዋል፤ አንዱን ሌላ ሰው «1,500 ብር» ብሎ ሞልቶታል። ለኤክሴል ይህ ቁጥር አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። «ሳም» የሚባለው የመደመሪያ ፎርሙላ ደግሞ ጽሑፍ ሲያገኝ ዘሎ ያልፋል። ድምሩ 1,500 ብር ጎድሎበት፣ አንዳች የስህተት መልእክት ሳይኖርበት፣ ከታች ጥርት ብሎ ይቀመጣል። የሚገርመው ያንኑ ዓምድ ሴል በሴል በመደመር ምልክት ብናያይዘው ፕሮግራሙ ወዲያው «ቫልዩ» የሚል ስህተት ያወጣል። ያንኑ ጥፋት አንዱ መንገድ ይጮህበታል፣ ሌላው ይደብቀዋል፤ ሁላችንም የለመድነው የሚደብቀውን ነው። ጥፋቱን የሚያጋልጥ አንድ ምልክት ግን አለ፤ ሳይነካ ከተተወ ኤክሴል ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። ይህንንም እኛው እናጠፋዋለን፤ ሠንጠረዡ እንዲያምር ብለን ሁሉንም ወደ መሐል እናደርገዋለን።

ሁለተኛው ወጥመድ ረጅም ቁጥር ነው። ኤክሴል በአንድ ቁጥር ውስጥ በትክክል የሚይዘው 15 አኃዝ ብቻ ነው። በፋይዳ ካርድ ላይ የታተመው ቁጥር ግን 16 አኃዝ ነው፤ የባንክ ካርድ ቁጥርም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ። ቀድሞ ባልተዘጋጀ ሴል ላይ ሲጻፍ የመጨረሻው አኃዝ ዜሮ ይሆናል። መጀመሪያ ቁጥሩ አጥሮ በመሐሉ የላቲን ፊደል ገብቶበት ይታያል፤ ተጠቃሚው ፎርማቱን ቀይሮ አኃዞቹ ተዘርግተው ሲመለሱለት እፎይ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን ዜሮ ልብ አይላትም። የጠፋው አኃዝ ደግሞ ከፋይሉ ወጥቷል፣ ፎርማት በመቀየር አይመለስም። በ09 የሚጀምር ስልክም ዜሮውን ይጥላል፤ ይሄኛው ቢያንስ በዓይን ይታያል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጻፍ በፊት ዓምዱን ቴክስት ማድረግ። የማይደመር ቁጥር ሁሉ፣ መታወቂያም ይሁን ስልክ ወይም የግብር ከፋይ መለያ፣ እንደ ጽሑፍ ቢያዝ ይሻላል። ይህም ተደርጎ ነገሩ አያልቅም። ተደጋጋሚ ምዝገባን በመታወቂያ ቁጥር ለማጣራት የምንጠቀምበት «ካውንት ኢፍ» የሚባለው ፎርሙላ ቴክስት ሆነው የተቀመጡትንም እንደ ቁጥር ስለሚያያቸው፣ በመጨረሻው አኃዝ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሰዎችን እንደ አንድ ይቆጥራል። «ሁለት ጊዜ ተመዝግበሃል» ተብሎ ከዝርዝር የሚሰረዝ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ኤክሴል ነዋ ያወጣው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የቀን ጉዳይ ነው፤ የእኛ ፈተና ስለሆነ ከውጭ የመጡት መማሪያዎች አያነሡትም። ኤክሴል ቀን የሚመስል ነገር ስንጽፍለት የሚረዳው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ብዙ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የአገር ማስተካከያው አሜሪካ እንደሆነ ተትቷል፤ ወር ይቀድማል ማለት ነው። ጥቅምት 10 ቀን ለማለት «10/2/2016» ብለን ስንጽፍ ፕሮግራሙ ኦክቶበር 2 ብሎ ይመዘግባል። ከጥቅምት 13 ጀምሮ ያለውን ደግሞ ወር ሊያደርገው ስለማይችል ጽሑፍ ያደርገዋል። በአንድ ዓምድ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቀናት የተሳሳተ ቀን፣ የቀሩት ቀን ያልሆነ ጽሑፍ ይሆናሉ። በቅደም ተከተል አሰልፍ ሲባል ወሩ ለሁለት የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ማስተካከያውን ቀን ወደሚያስቀድም አገር መቀየር ግማሹን ችግር ብቻ ይፈታል። ጥቅምት 30 ፌብሩዋሪ 30 ስለሚሆንበት አሁንም ጽሑፍ ነው፤ ጳጉሜንን ጭራሽ አያውቃትም። ከነሐሴ 30 ቀን 2016 እስከ መስከረም 1 ቀን 2017 ስድስት ቀን ነው፤ ኤክሴል ሁለት ይላል። የአገልግሎት ዘመን፣ የዓመት ፈቃድ፣ የውል ማብቂያና የቅጣት ወለድ በእንዲህ ያለ ልዩነት ላይ ሲሰላ ማን እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም።

ደግነቱ የእኛ አቆጣጠር ለስሌት የተመቸ ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ ተለይተው ይጻፉ። ዓመቱ በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ ይጨመርበታል፤ ከወሩ አንድ ተቀንሶ የቀረው በ30 ይባዛና ይደመራል፤ በመጨረሻ ቀኑ ይታከላል። በዚህ መንገድ የተገኙ ሁለት ቁጥሮች ሲቀናነሱ በመካከላቸው ያለው የቀን ብዛት ይወጣል፤ ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜንም አብራ ተቆጥራለች። አንድ ጊዜ የተሠራ ፎርሙላ ወደ ታች ይጎተታል፣ ሥራው አለቀ። በየሥልጠናው ስለ ቻርት ቀለም አንድ ሙሉ ከሰዓት የሚያወሩ ሰዎች ለዚህ አሥር ደቂቃ የማይሰጡበት ምክንያት አይገባኝም።

ይህ ሁሉ የእኛ አገር የአጠቃቀም ድክመት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 መጸው የኮሮና ምርመራ ውጤቶች የሚሰበሰቡበት ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይዝ አሮጌ የኤክሴል ዓይነት ስለነበረ፣ 15,841 ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ ሆነው ቀሩ፤ ከእነሱ ጋር የተነካኩትንም የመፈለጉ ሥራ ዘገየ። ኢኮኖሚስቶቹ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ዝነኛ የመንግሥት ዕዳ ጥናት፣ አማካዩን የሚያወጣው ፎርሙላ አምስት አገሮችን ሳይነካ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን የደረሰበት ቶማስ ኸርንደን የሚባል ተማሪ ነው። በእርግጥ በጥናቱ ላይ የተነሣው ጥያቄ ሁሉ ከዚያ ፎርሙላ የመጣ አልነበረም፤ የአገሮቹ ክብደት አሰጣጥ የበለጠ ድርሻ ነበረው። ሆኖም የፎርሙላው ግድፈት ሦስት ዓመት ሙሉ ተደብቆ ቆይቷል። ኤክሴል የአንዳንድ የሰው ጂኖችን አጭር ስም ወደ ማርችና ሴፕቴምበር ቀናት ስለለወጠባቸው ደግሞ፣ የጂን ስያሜ ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2020 ስሞቹን ራሳቸውን እስከ መቀየር ደርሷል። ማይክሮሶፍት ይህን ግምት ማጥፊያ ማስተካከያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ አዲሶቹ የኤክሴል ዓይነቶች ላይ በኦፕሽንስ ውስጥ ዳታ በሚለው ሥር ይገኛል።

የተለመደው መከላከያ «ታዲያ የተሳሳተው ሰው እንጂ ኤክሴል አይደለም» የሚል ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ፕሮግራሙም ከስህተት ንጹሕ አይደለም፤ ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የቀድሞ ፕሮግራም ጋር እንዲስማማ ተብሎ እ.ኤ.አ. 1900 ፌብሩዋሪ 29 የምትባል ያልነበረች ቀን ዛሬም ይቀበላል። ሁለተኛ፣ ስህተቱ የሰው መሆኑን ካመንን «ኤክሴል ያወጣው ነው» የምትለው መልስ ራሷ ትወድቃለች። ሰው ከሆነ የተሳሳተው፣ ሰው ይጠየቃላ! አንዳንዱ ደግሞ እኛ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ነው የምንጠቀመው፣ ይህ አይመለከተንም ይላል። ፒችትሪ ሒሳቡን በደንብ ይይዝ ይሆናል፤ ለአለቃ የሚቀርበው ሪፖርት ግን ወደ ኤክሴል ተልኮ፣ እዚያ ተቆርጦና ተቀጥሎ ነው የሚወጣው። መቀስ የገባው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ምንጩ ንጹሕ መሆኑ ዋስትና አይሆንም።

ጥርጣሬ የምታስነሣ ልዩነት ሁሉ ስርቆት ወይም ስህተት አይደለችም፤ ይህም መታወቅ አለበት። ደመወዛቸው 4,321 ብር ከ50 የሆነ ሁለት ሠራተኞች 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥባቸው እያንዳንዱ 302.505 ይመጣል፤ ስክሪኑ 302.51 ያሳያል፣ ድምሩ ግን 605.01 ነው፣ 605.02 አይደለም። ኤክሴል የሚደምረው የሚታየውን ሳይሆን የያዘውን ነው። «ራውንድ» የሚለው ፎርሙላ እያንዳንዱን ተቀናሽ ስለሚያስተካክለው ሳንቲም አያጣላም። ለቀረው ሁለት ልማድ ይበቃል። ዓምዱን መርጦ ከታች በኩል ያለውን አሞሌ ማየት አንዱ ነው፤ የተሞሉት ሴሎች ብዛትና የቁጥሮቹ ብዛት ጎን ለጎን እንዲታይ በቀኝ ክሊክ ከተመረጠ፣ አሥር ተሞልቶ ዘጠኝ ቁጥር ሲል ያ «1,500 ብር» ይጋለጣል። ሌላው ድምርን በሁለት አቅጣጫ፣ በረድፍም በዓምድም፣ አውጥቶ ማመሳከር ነው፤ የድሮ ሒሳብ ሠራተኞች በወረቀት ያደርጉት የነበረውን።

ስለ ኮምፒውተር የሚነገሩት ሌሎች ተረቶች ይህን ያህል ቦታ አያሻቸውም። ዴስክቶፕ ላይ ደጋግሞ ሪፍሬሽ ማድረግ ኮምፒውተሩን አያፈጥንም፤ አዶዎቹን እንደገና ይስላል፣ ሌላ ምንም። ፒዲኤፍ የሆነ ደብዳቤ አይነካም የሚባለውም ሐሰት ነው፤ የሚያስተካክሉ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። አቋራጭ ቁልፎችን በቃል የያዘ ሁሉ ባለሙያ አይደለም፤ የተሳሳተ ሠንጠረዥን በፍጥነት መሥራትም ይቻላል። ይበልጥ ጥንቃቄ የምትሻው ግን «ሺቱን በፓስወርድ ቆልፌዋለሁ» የምትለው ናት። ፕሮቴክት ሺት የሚባለው ፎርሙላ በእጅ እንዳይበላሽ የተሠራ እንጂ ምስጢር መጠበቂያ አይደለም፤ በእሱ ሥር የተደበቀ የደመወዝ ዓምድ ያን ያህል ችሎታ በሌለው ሰው ይከፈታል። ፋይሉ እንዳይታይ ከተፈለገ ፋይል በሚለው ሥር ኢንፎ ተብሎ፣ ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ የሚለው ይመረጣል። ከዚያ በላይ የሚያስተማምነው ደመወዙን ሌላ ፋይል ላይ ማድረግና ለማይመለከተው ሰው አለመላክ ነው።