የጌም ኮምፒውተር ወይስ የዘወትር ላፕቶፕ?

ለጌም ተብሎ የተሠራ ኮምፒውተር ከዘወትር ላፕቶፕ የሚለየው ከሁሉ በፊት በግራፊክስ ካርዱ ነው። ቀለም የሚለዋውጠው ኪቦርድና ጎላ ያለው ቅርጽ ከጌጥ አያልፉም። የዘወትር ላፕቶፕ ምስል የሚያወጣው ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ በተቀመጠ የግራፊክስ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ እየተካፈለ ይሠራል። በጌም ኮምፒውተር ውስጥ ግን ለምስል ብቻ የተመደበ ሌላ ቺፕ አለ፤ ሜሞሪውም ለብቻው፣ የሚወስደው ኃይልም ለብቻው ነው። ለዚህ ቺፕ «ጂፒዩ» የሚለውን ስም በሰፊው ያስለመደው የኢንቪዲያ ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜውም ጂፎርስ 256 የተባለውን ካርድ ለገበያ ያቀረበበት እ.ኤ.አ. 1999 ነበር።

ለጌም ይህን ያህል ጉልበት ያስፈለገበት ምክንያት በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ ፉል ኤችዲ ስክሪን 1920 በ1080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። ደብዳቤ እየተጻፈ አንድ ፊደል ሲጨመር ከእነዚህ የሚለወጡት ጥቂቶቹ ናቸው። በእግር ኳስ ጌም ግን ካሜራው በዞረ ቁጥር ሣሩም፣ ጥላውም፣ ማልያውም፣ ተመልካቹም አብረው ይለወጣሉ። እንቅስቃሴው ሳይቆራረጥ እንዲታይ ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል እንደ አዲስ መሣል አለበት፤ ይህም በየሴኮንዱ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለም ማስላት ማለት ነው። የጌም ላፕቶፖች ስክሪን ደግሞ ብዙውን ጊዜ 144 ወይም 165 ኸርዝ ስለሆነ ሥራው ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ጉልበቱ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በብር ብቻ የሚከፈል አይደለም። የዘወትር ላፕቶፕ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 45 ወይም 65 ዋት ነው። የጌም ላፕቶፕ ግን ብዙውን ጊዜ ከ180 ዋት ጀምሮ እስከ 330 ዋት የሚደርስ ቻርጀር ይዞ ይመጣል፤ ቻርጀሩ ብቻውን ቦርሳ ያከብዳል። ማሽኑ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ2 ኪሎ በላይ ሲመዝን፣ ቀላል የዘወትር ላፕቶፕ ከ1.5 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል። ባትሪውን በማሳደግ ችግሩን መፍታትም አይቻልም፤ በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዝ ባትሪ ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ ስለሌለበት አምራቾች እዚያው ወሰን ላይ ይቆማሉ። ከዚህም በላይ የጌም ላፕቶፕ ከሶኬት ሲነቀል የግራፊክስ ካርዱን ጉልበት በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ መብራት ሲሄድ በመካከል ላይ ያለ ጌም መንቀርፈፍ ይጀምራል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥሩ ባትሪ ያለው የዘወትር ላፕቶፕ በአንጻሩ ግማሽ የሥራ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያለ ሶኬት ያሠራል።

ሌላው የጉልበቱ ዋጋ ሙቀት ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን አንሥቶ የመውሰድ አቅሙም ያነሰ ስለሆነ፣ ፋኑ ያንኑ ቺፕ ለማቀዝቀዝ ጠንክሮ መሽከርከር ይኖርበታል። የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ በበጋ የሚነሣው አቧራ ግን የአየር መውጫውን ስለሚደፍን ጥቅሙን መልሶ ይወስደዋል። የጌም ላፕቶፕ የገዛ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ማሽኑን አስከፍቶ ማጽዳትን የወጪው አካል አድርጎ ቢቆጥረው ይሻላል።

እንዲህ ያለው ማሽን በእርግጥ የሚያስፈልገው ለማን ነው? በሉሚዮንና በስሪዲኤስ ማክስ ሕንፃን በምስል የሚያቀርብ የአርክቴክቸር ተማሪ፣ በብሌንደር አኒሜሽን የሚሠራ ባለሙያ፣ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ቀለም እያስተካከለ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ የራሱን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል በገዛ ማሽኑ ላይ የሚያሠለጥን፤ እነዚህ ጌም ባይጫወቱም የጌም ላፕቶፕ የሥራ መሣሪያቸው ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለአስተማሪ፣ በፓወር ግዕዝ አማርኛ ለሚተይብ ጸሐፊ፣ ለዙም ስብሰባ፣ እንዲያውም ለአብዛኛው ፕሮግራመር ግን ያ ሁሉ ጉልበት ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ነው። ለእነርሱ ማሽኑን የሚያፈጥነው ራሙ 16 ጊጋ መሆኑና ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑ ነው። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ማስቀየር ብቻ የደከመ ላፕቶፕን እንደ አዲስ ያነቃዋል፤ ከዚህ የረከሰና የተሻለ ማሻሻያ የለም።

የጌሙም ዓይነት ይለያያል። ቫሎራንት ደካማ ኮምፒውተር ላይም እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ለብቻው የቆመ ካርድ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5ም የምስል ጥራቱ ዝቅ ከተደረገ በቅርብ ጊዜ የዘወትር ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል። ሳይበርፐንክ 2077 ግን ቢያንስ 6 ጊጋ የራሱ ሜሞሪ ያለው ካርድና ኤስኤስዲ ይፈልጋል። ፍላጎቱ ቅዳሜና እሑድ ከጓደኛ ጋር ኳስ መጫወት ብቻ ለሆነ ሰው ደግሞ ኮምፒውተር መቀየሩ ራሱ አጠያያቂ ነው፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄዶ በግጥሚያ መክፈል አለ፣ ወይም ፕሌይስቴሽኑን ገዝቶ ለሥራ መጠነኛ ላፕቶፕ መያዝ።

ገዢ አብዝቶ የሚታለለው በስም ነው። በቴሌግራም በሚለቀቁ የሽያጭ ማስታወቂያዎች «ኮር አይ 7» የሚለው ቃል በትልቁ ይጻፋል፤ ጀነሬሽኑና ከኋላው ያለው ፊደል ግን ይዘለላል። ሰባተኛው ጀነሬሽን አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ያለው ሲሆን፣ አንድ ጀነሬሽን የሚበልጠው አይ 5-8250ዩ አራት ኮር አለው፤ አይ 5ቱ አይ 7ቱን ይበልጣል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ዩ» ኃይል ቆጣቢ መሆኑን፣ «ኤች» ደግሞ ጉልበት ያለው መሆኑን ያመለክታል።

በግራፊክሱም ላይ እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ እንደ አስፈላጊነቱ የራሙን ግማሽ ያህል ለግራፊክስ ሊያካፍል ስለሚችል፣ 16 ጊጋ ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ «8 ጊጋ ግራፊክስ» ተብሎ ይሸጣል። ማጣራቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ፣ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር ጂፒዩ ሲነካ፣ «ዴዲኬትድ» እና «ሼርድ» የሚሉ ሁለት የሜሞሪ ቁጥሮች ይታያሉ። የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ዴዲኬትድ የሚለው ነው፤ ሼርድ የሚለው ከራም የሚወሰደው ነው። ትክክለኛ ካርድ ያላቸው ማሽኖችም ቢሆኑ በስም ብቻ አይወዳደሩም። አርቲኤክስ 4060 የተባለው የላፕቶፕ ካርድ እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ድረስ ሊሰጠው ይችላል፤ ቀጭኑ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ወፍራሙ ውስጥ ካለው ጋር ስሙ እንጂ ፍጥነቱ አንድ አይደለም። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4070 ባለ 12 ጊጋ ሲሆን የላፕቶፑ ያንኑ ስም ይዞ 8 ጊጋ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ወደ ዴስክቶፕ ይመራል። ከአንድ ቦታ ለማይንቀሳቀስ ተጫዋች ዴስክቶፕ በተመሳሳይ ገንዘብ የበለጠ ፍጥነት ይሰጣል፤ ካርዱም ሲያረጅ ይቀየራል። የላፕቶፕ ግራፊክስ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ስለሚበየድ፣ በኋላ የሚጨመረው ቢበዛ ራምና ዲስክ ነው። የዴስክቶፕ ችግሩ መብራት በሄደ ቅጽበት መጥፋቱ ነው። ለቢሮ ኮምፒውተር የሚገዛው ትንሽ ዩፒኤስ ደግሞ የጌም ማሽን ሸክም ላይችል ስለሚችል ዋቱ አስቀድሞ መታየት አለበት። ከአሜሪካ የሚመጣ የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል አያሳስብም። የቆየ ዴስክቶፕ ግን ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ሊኖረው ይችላል፤ 115 ላይ እንዳለ በአገር ቤት 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል።

ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግ ከቢሮ አገልግሎት የወጡት ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድና ኤሊትቡክ ጥሩ የዘወትር ማሽኖች ናቸው፤ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ግን ባይገዛ ይመረጣል። ዊንዶውስ 11 እነዚያን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ የበለጠ ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ለዓመታት በሙቀት የሠራ ሊሆን ይችላልና። ሱቅ ውስጥ በርቶ የዊንዶውስን መነሻ ገጽ ማሳየቱ ምንም አያረጋግጥም። ቻርጀሩ ተሰክቶ ከባድ ጌም ግማሽ ሰዓት ይከፈትበት፤ በስክሪኑ ላይ መስመር ወይም ነጥብ ከታየ፣ ፋኑ ካንኳኳ፣ ወይም ማሽኑ በራሱ ከጠፋ ችግሩ በአብዛኛው የሚገኘው ካርዱ ወይም ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ሻጩ ይህን ያህል ለማስሞከር ፈቃደኛ ካልሆነ ገንዘብን ይዞ መመለስ ነው።