በአሜሪካ አገር ልጅ ሳይመረመር ሰነፍ እንዳይባል ስለ ወጣው ሕግ

ትምህርት የሚከብደውን ልጅ ሁሉ ሰነፍ ማለት አይገባም፤ ዓይኑ ወይም ጆሮው ደክሞ ይሆናልና። በአሜሪካ በ1968 ዓመተ ምሕረት (በፈረንጅ 1975) የወጣው ሕግ፣ ጉዳት ያለበት ልጅ የሚስማማውን ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲያገኝ አዘዘ። በልዩ ውል የሚተዳደሩት፣ ቻርተር የሚባሉት ትምህርት ቤቶችም የሕዝብ ናቸውና ከትእዛዙ አይወጡም። ወላጅ ልጄ ይመርመርልኝ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ የመጀመሪያውም ምርመራ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይጀመርም። ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ፣ ክፍለ ግዛቱ ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር፣ በ60 ቀን ይፈጸማል። ምርመራውም፣ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ ይደረጋል፤ እንግሊዝኛ ባለማወቁ ብቻ ጉዳተኛ ሊባል አይገባምና። እንግዲህ በዚያ አገር ዘመድ ያላችሁ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ልጃቸው በአማርኛ እንዲመረመርላቸው ይጠይቁ ዘንድ ንገሯቸው።