የኒቆዲሞስ መንደርና መሥራቾችዋ

በሰሜን አሜሪካ በካንሳስ አገር፥ ዛፍ በማይበዛበት ሰፊ የሣር ሜዳ መካከል፥ ኒቆዲሞስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ስሟን ከዮሐንስ ወንጌል የምናውቀው ነው። ታሪኳ ልጆችን ለሚያሳድጉ ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ በአጭሩ ልንጽፈው ወደድን።

መንደሪቱ የተቈረቈረችው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1877 ዓመት ነው። መሥራቾችዋም በኬንታኪ አገር በባርነት የኖሩ፥ ባርነት በ1865 ዓመት በሕግ ከቀረ በኋላ ግን በገዛ መሬታቸው ላይ ማደር የተመኙ ጥቁሮች ናቸው። ስለ መሬቱ ልምላሜ በታተመ ማስታወቂያ ብዙ ተነግሯቸው ነበር፤ በደረሱ ጊዜ ግን ያገኙት ሣርና ነፋስ ነው። ለቤት የሚሆን እንጨት ስለ ታጣ መሬቱን ቈፍረው በጕድጓድ ውስጥ ተቀመጡ።

በ1878 ዓመት ወይዘሮ ዊሊያና ሂክማን ከባላቸው ጋራ ወደዚያ ተጓዙ። ባቡሩ ያደረሳቸው እስከ ኤሊስ ከተማ ብቻ ነበር፤ በዚያም ከመንገደኞቹ ልጆች አንዳንዶቹ በኩፍኝ ሞቱ። ከዚህም በኋላ ሁለት ቀን ተጕዘው ሲቃረቡ፥ ወይዘሮ ዊሊያና መንደሩ ወዴት እንደ ሆነ ቢጠይቁ፥ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ጢስ ተመለከተላቸው። ይህንንም አይተው አለቀሱ፤ ነገር ግን በዚያው ኖሩ።

ከሰፋሪዎቹ አንዳንዶች ተስፋ ቈርጠው ተመለሱ። የቀሩት ግን የእርሻ ከብት ስላልነበራቸው በዶማና በአካፋ ቈፈሩ። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ራብ በጠናባቸው ጊዜ፥ ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ነገድ ሰዎች ከምግባቸው አካፈሏቸው። ወይዘሮ ጄኒ ፍሌቸርም በጕድጓድ ቤታቸው ውስጥ ልጆችን ሰብስበው ፊደል ያስተምሩ ነበር። እንጀራ ሳይጠግቡ ትምህርትን ማስቀደማቸው እጅግ የሚያስመሰግን ነው።

መንደሪቱ ሱቅ፥ ጋዜጣና ቤተ ክርስቲያን አግኝታ ሳለ፥ በ1888 ዓመት የባቡሩ ሐዲድ እርሷን ትቶ በወንዙ ማዶ አለፈ። ነጋዴዎችም ባቡሩን ተከትለው ሄዱ፤ ሕዝቧም እያነሰ መጣ። ዛሬ የሚኖሩባት ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም የመሥራቾቹ ዘሮች በየዓመቱ በሐምሌ ወር ከየአገሩ ተሰብስበው የነጻነታቸውን በዓል ያከብሩባታል። የአሜሪካ መንግሥትም በ1996 ዓመት ብሔራዊ የታሪክ ስፍራ አድርጎ መዘገባት።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ወላጆቻችሁ የደከሙበትን ስፍራ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ የተነገረው ልጅ አገሩ ቢርቅ እንኳ ተመልሶ ይመጣል።