የተሰባበረ የኋላ መስተዋት እንዴት ይተካል?

(በሬዲዮ የተነገረ)



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ስለ አውቶሞቢል የኋላ መስተዋት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ መስተዋቱ ደህና ሆኖ ሳለ የሚያስታውሰው የለምና። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ የሚደርሰው፣ ከዚያም ጉደርን ተሻግሮ በጌዶና በባኮ ወደ ወለጋ የሚዘልቀው ጎዳና ላይ የሚመላለስ ሰው፣ የኋላ መስተዋቷ በላስቲክ የተሸፈነ መኪና ሳያይ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከእነዚህም መካከል ዋጋቸው እጅግ የከበረ፣ ባለቤቶቻቸው አቧራ እንኳ እንዲያርፍባቸው የማይወዱ መኪኖች ይገኛሉ።

ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸው ሊያደርጓት አስበው ወደ ቈረቈሯት ወደ አዲስ ዓለም የተሠራው መንገድ በአገራችን ከቀደሙት የሠረገላ መንገዶች አንዱ ነው። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያዪቱን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባውም በእርሳቸው ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ ክፍት ስለ ነበሩ ስለ ኋላ መስተዋት የሚጨነቅ አልነበረም። ዛሬ ግን የአንድ ምርጥ መኪና የኋላ መስተዋት ብርሃን ማስገቢያ ብቻ አይደለም። ጉሙን የሚያጠፋው የማሞቂያ ሽቦ በእርሱ ላይ ታትሟል፤ በብዙዎቹም የሬዲዮው አንቴና በዚያው ላይ ተሥሏል፤ በአንዳንዶቹም የፍሬን መብራት ከበስተጀርባው ተገጥሞለታል።

መስተዋቱ የሚሰበርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በዚህ አውራጃ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። አጣና ጭኖ በዳር የቆመ ጋሪ ወይም ጭነት መኪና ጫፉን ወደ ውጭ አሹሎ ይቆያል፤ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲመልስ ያንን ጫፍ በመስተዋቱ መካከል ያገኘዋል። ሌላው ጭነት ነው። የአምቦ ውኃ ሳጥን ከኋላ ደርድሮ፣ በላዩ የጤፍ ከረጢት ጭኖ፣ በሩን በኃይል የሚዘጋ ሰው መስተዋቱ ቢፈነዳበት ሊገረም አይገባውም። በረዶ የቀላቀለ ዝናብና የተወረወረ ድንጋይም አሉ።

አሁን የመስተዋቱን ባሕርይ እንመልከት። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ከእጅ አምልጦ ሲወድቅ እንደ ቢላዋ በተሳሉ ስባሪዎች ይከፋፈላል። የመኪና የፊት መስተዋት ሲመታ ግን እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም፤ ምክንያቱም ሁለት መስተዋቶች በመካከላቸው ስስ የላስቲክ ቆዳ ተደርጎ የተጣበቁ ናቸው። ይህንን ሐሳብ ያገኘው ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1903 አንድ የላቦራቶሪ ብልቃጥ ከመደርደሪያ ወድቆ ሲሰነጠቅ ሳይበተን መቅረቱን አይቶ፣ በውስጡ የደረቀው ፈሳሽ እንደ ቆዳ ሆኖ ስባሪውን እንደ ያዘው ተረዳ፤ በ1909ም የፈጠራ መብት አወጣበት።

የኋላው መስተዋት ግን በብዙ መኪኖች ከሁለቱም ይለያል። አንድ ወጥ መስተዋት ሆኖ፣ ተቈርጦና ቅርጹን ይዞ ካለቀ በኋላ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወደ ሆነ እቶን ይገባል፤ ከዚያም ወጥቶ በብዙ ቧንቧ በሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር በድንገት ይመታል። ውጫዊው ገጽ ፈጥኖ ይጠጥራል፤ ውስጡ ግን ገና ትኩስ ነው። ቈይቶ ውስጡ ሲቀዘቅዝና ሲኰማተር የጠጠረውን ገጽ ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ ገጹ ሁልጊዜ እንደ ተጨመቀ፣ ውስጡም ሁልጊዜ እንደ ተወጠረ ይኖራል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከገጽ ስለሆነና የተጨመቀ ገጽ በቀላሉ ስለማይሰነጠቅ፣ ይህ መስተዋት ከተራው አራት እጥፍ ያህል ይበረታል። ነገር ግን ያ ጭምቅ ገጽ በአንድ ቦታ ከተወጋ፣ ታፍኖ የኖረው ውጥረት ሁሉ በቅጽበት ይለቀቃል፤ መስተዋቱም ከዳር እስከ ዳር ወደ ጠጠር ይለወጣል። የቀለጠ መስተዋት ውኃ ውስጥ አንጠባጥበው የሚሠሩት «የልዑል ሩፐርት እንባ» የተባለው ፍሬም ይህንኑ ባሕርይ ያሳያል፤ ራሱ መዶሻ ይችላል፤ ጭራው ሲቀነጠብ ግን ዱቄት ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው መስተዋት ከተሰበረ ጥገና የሚባል ነገር የለውም፤ የግድ ይተካል። ሁለተኛ፣ ከእቶን ከወጣ በኋላ ሊቈርጡት፣ ሊበሱት ወይም ጠርዙን ሊሞርዱት አይቻልም። «ከሌላ መኪና አምጥተን ጥቂት ብናሳንሰውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለመኪና አይጠፋም፤ መልሱ መስተዋቱ ራሱ በእጁ ላይ ይፈነዳል የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ልማድ ሳንነቅፍ አናልፍም። ትክክለኛው መስተዋት ሲታጣ ወይም ዋጋው ሲከብድ፣ ለቤት መስኮት የሚሆን ተራ መስተዋት አስቈርጠው የሚያስገጥሙ አሉ። በቅርጽ ቢገጥም እንኳ ይህ ከልጆች ማጅራት በስተጀርባ ቢላዋ እንደ መደርደር ነው። ግጭት በደረሰ ጊዜ የፋብሪካው መስተዋት እንደ ጠጠር ሲረግፍ፣ ተራው ግን በረጃጅም ስለት ይወርዳል። ገንዘብ ያጠረው ሰው መስተዋቱ እስኪገኝ በላስቲክ ቢሸፍን እጅግ ይሻለዋል።

ስለ ላስቲኩም የምንለው አለን። የኋላው ክፍት የሆነ መኪና ሲሮጥ ከጀርባው አየር እየሳሳ አቧራውንና የጭስ ማውጫውን ጢስ ወደ ውስጥ ይስባል። በዚህ ጢስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ አለ፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ሰውን ራሱን እያዞረ፣ እንቅልፍ እያስመሰለ ይገድላል። ስለዚህ ከባኮ ተነሥቶ እስከ አምቦ በተሰበረ መስተዋት መምጣት ግድ የሆነበት ሰው ክፍቱን በወፍራም ላስቲክ በደንብ ይዝጋ፤ የፊቱን የአየር ማስገቢያ ከፍቶ ነፋሻውን ያሠራ፤ ሕፃናትን ከኋላ ወንበር አያስቀምጥ። የራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው እንደሆነ ወዲያው ይቁም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ያለው ሰው ከራሱ ጢስ ድኗል፤ ከፊቱ ከሚሄደው ጭነት መኪና ጢስ ግን አልዳነም።

ላስቲኩ ከመለጠፉ በፊት ስባሪው ይለቀም። ጠጠሩ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የተሳለ ባይሆንም ቈዳ ይቧጭራል፤ ከዓይን ከገባም ያሳውራልና ወፍራም ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ወንበሩን በመዳፍ መጥረግ ጠጠሩን ወደ ጨርቁና ወደ ቈዳው ማስገባት ነው፤ አቧራ በሚስብ መሣሪያ መምጠጥ ይሻላል። በተለይ የደኅንነት ቀበቶው የሚወጣበት ቀዳዳ፣ የድምፅ ማጉያው ወንፊትና የኋላው በር የውኃ መውረጃ ይመርመሩ። ችኰላ እዚህ አይጠቅምም፤ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ የተባለው በዚህ ሥራ ቃል በቃል ይደርሳል።

አዲሱን መስተዋት ሲፈልጉ የመኪናውን ስምና የተሠራበትን ዓመት ብቻ መናገር አይበቃም። አንድ ዓይነት መርሴዲስ ወይም ላንድ ክሩዘር በአንድ ዓመት ውስጥ የተለያየ የኋላ መስተዋት ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ አንዱ አንቴና ያለው፣ ሌላው የሌለው፤ አንዱ የጠቈረ፣ ሌላው ነጭ። ዋናው ማስረጃ 17 ፊደላትና ቍጥሮች ያሉት የሻንሲ ቍጥር ነው። ከጥጉ ያለው የመስተዋቱ ስባሪ ከተረፈም አይጣል፤ በእርሱ ላይ የሠሪው ምልክትና ዓይነቱን የሚገልጹ ፊደላት ታትመዋል። በአሜሪካ ሥርዓት «ኤ-ኤስ-1» የተጻፈበት ለፊት መስተዋት የሚሆን ነው፤ «ኤ-ኤስ-2» የተጻፈበት ከፊት በቀር ለሌላው ቦታ የተፈቀደ ነው። በአውሮፓ ሥርዓት ደግሞ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚል ፊደል ከነቍጥሩ ይገኛል፤ ቍጥሩም የፈቀደውን አገር ያመለክታል፤ 1 ጀርመን ነው። አንዳንድ የከበሩ መኪኖች ድምፅ ለመቀነስ ሲሉ የኋላውንም ድርብ አድርገው ስለሚሠሩት ይህን ምልክት ማንበብ ከስሕተት ያድናል።

እንዲህ ያለ መስተዋት በአምቦ ወይም በጊንጪ ሱቅ ተደርድሮ ይገኛል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይላካል፤ ከዚያም ከታጣ ከውጭ አገር ይታዘዛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቈየት የባለቤቱ ሁሉ ጉዳይ ሆኗል። ያገለገለ መስተዋት የሚገዛ ሰው ጠርዙን በጣቱ ሳይሆን በዓይኑ ይመርምር፤ በጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ቍስል መስተዋቱን ከወር በኋላ በቆመበት ልታፈነዳው ትችላለች።

ወጪውን ማን ይከፍላል የሚለውም ይነሣል። በአዋጅ ቍጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ሌላው ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው እንጂ የገዛ መስተዋትን አይተካም። ሙሉ ዋስትና የገባ ሰው ግን ውሉን ያንብብ፤ ሥራውም ከመጀመሩ በፊት ለመድን ድርጅቱ ያስታውቅ።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ። ከ40 ዓመት በላይ ያስቈጠሩት መኪኖች መስተዋታቸው ብዙ ጊዜ በጎማ ተይዟል። ባለሙያው ጎማውን ለመስተዋቱ አልብሶ፣ በጎማው ቦይ ውስጥ ሲባጎ ይዘረጋል፤ የሳሙና ውኃ ቀብቶ ከውጭ ሲጫንለት፣ እርሱ ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል፤ የጎማው ከንፈርም የላሜራውን ጠርዝ እየዘለለ ይገባል። ለዓይን የሚያስደስት ሥራ ነው።

የዛሬዎቹ ግን ዩሬታን በተባለ ማጣበቂያ የተለጠፉ ናቸው። አሮጌው ማጣበቂያ በስለት ይቀረፋል፤ እስከ ላሜራው አይፋቅም፤ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ያህል ቢቀር አዲሱ የሚይዘው በእርሱ ላይ ነው። ቀለሙ ከተጫረ በፕራይመር ይቀባል፤ አለዚያ ዝገት ከሥር ይበላውና መስተዋቱ በክረምት ውኃ ያስገባል። በመስተዋቱ ጠርዝ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ቀለም ለጌጥ አይደለም፤ ማጣበቂያውን ከፀሐይ ይጋርደዋል። ማጣበቂያው ሳይቋረጥ እንደ ገመድ ዙሪያውን ይፈስሳል፤ መስተዋቱም በመሳቢያ ጎማ ተይዞ አንድ ጊዜ ብቻ በቦታው ይቀመጣል።

በዩሬታን ፈንታ ለመታጠቢያ ቤትና ለአልሙኒየም መስኮት የሚሆነውን ሲሊኮን የሚጠቀም ጋራዥ ካለ ባለመኪናው መኪናውን ይዞ ቢወጣ አያፍርም። ሲሊኮን መስተዋት ለመያዝ አቅም የለውም፤ ከዚህም በላይ የነካው ቦታ ሁሉ ለኋላ ጊዜ ትክክለኛውን ማጣበቂያ እንዳይቀበል ያደርገዋል። የረከሰው ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

ዩሬታን የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው አምቦ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ሌሊቱም ብርድ ስለሆነ፣ በቆላው በባኮ ከሚፈጀው ጊዜ የበለጠ ይፈጃል፤ በሆለታ ደጋ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በቱቦው ላይ የተጻፈው ጊዜ ለሞቃት አየር የተነገረ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያው ቢጨምርበት ትክክል ነው። ችግሩ ባለመኪናው ነው። በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ የተመረጠውን ወንጪን ሊያይ ከአዲስ አበባ የመጣ ጌታ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሲመለስ መኪናው ተነሥቶ እንዲጠብቀው ይሻል። «ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት ይበቃሃል» ሲለው፣ «ጌታዬ፣ ማጣበቂያው ትእዛዝ አይሰማም፤ እስከ ነገ ጠዋት ይደሩልኝ» ብሎ የሚመልስ መካኒክ ክፍያው ሊዘገይበት ይችላል፤ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ለሚሄዱበት መኪና ግን ትክክለኛውን አድርጓል።

ከተረከቡ በኋላ ለ2 ቀን ያህል በሩን በኃይል መዝጋት አይገባም፤ የታፈነው አየር ገና ያልጠነከረውን መስተዋት ወደ ውጭ ይገፋዋልና የጎን መስኮት በጣት ስፋት ክፍት ይደረግ። በግፊት ውኃ ማጠብም ይቈይ። የማሞቂያው ሽቦ ሥራ መጀመሩን ለማወቅ ማለዳ ጉም በለበሰ ጊዜ አብርቶ ማየት ይበቃል፤ ከመስመሮቹ አንዱ ብቻ ጉሙን ካላነሣ ያ መስመር ተቈርጧል፤ ለዚሁ በተሠራ የብር ቀለም ሊቀጠል ይችላል። ሁሉም ካልሠሩ ግን ከጎን ያለው የሽቦ መያዣ ሳይገናኝ ቀርቶ ይሆናልና፣ ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት መካኒኩ እንዲያየው ይደረግ።